ስልቻ ሰፊውን በፎቶግራፍ ያስቀረው የሐረር ቡና ነጋዴ

በጭሮ ገበያ ጀንፈል ቡና የሚቀርበው በቃጫ ጆንያ፣ አለዚያም ሕዝቡ ማዳበሪያ ብሎ በሚጠራው ከረጢት ተሞልቶ ነው። ከረጢቱ ይህን ስም ያገኘው መጀመሪያ ተሞልቶበት ከመጣው ዳፕና ዩሪያ ነው። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ ካለቀ በኋላም ባዶው ከረጢት ስሙን እንደያዘ ማሽላ፣ ቦሎቄ፣ ከሰል፣ አንዳንዴም የባለቤቱን ልብስ ይዞ ከገበያ ገበያ ይዞራል። በግብርና ኮሌጅ ስለ ማዳበሪያ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ስለ ከረጢቱ ግን ያስተማረኝ የለም።

ከ140 ዓመት በፊት የዚሁ አገር ቡና በግመል ተጭኖ ወደ ባሕር የሚወርደው በቆዳ ስልቻ ነበር። ስልቻውን ከሚሰፉት ሰዎች አንዱ ሐረር ከተማ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ የተነሳ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ያነሳው ሰው ለቡናና ለቆዳ ንግድ ከኤደን ወደብ ወደ ሐረር የተላከ የ28 ዓመት ፈረንሳዊ ነበር። ስሙ አርቱር ራምቦ ይባላል።

ራምቦ ሲባል ብዙ ወጣት የሚያስበው ጠመንጃ አንግቦ ጫካ ለጫካ የሚሮጠውን የአሜሪካ ፊልም ጀግና ነው። የሐረሩ ራምቦ ሌላ ነው። ዓለም የሚያውቀው በገጣሚነቱ ሲሆን፣ ግጥሞቹ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ወደ እኛ አገር የመጣው ግን ግጥም መጻፍን ከተወ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በነጋዴነቱና በካሜራው ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1854 ነው። አባቱ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበሩ፤ ልጁ ገና በስድስት ዓመቱ ገደማ ሳለ ቤተሰቡን ትተው ሄዱ። እናቱ ወይዘሮ ቪታሊ የገበሬ ልጅ ሲሆኑ ሮሽ በተባለች መንደር የእርሻ ቦታ ነበራቸው። ልጆቻቸውን ብቻቸውን፣ በጥብቅ ሥርዓት አሳደጉ። አርቱር በትምህርቱ ሽልማት የሚሰበስብ፣ ነገር ግን ከቤት የሚኮበልል ልጅ ወጣው። 17 ዓመት ሊሞላው ሲል ፓሪስ ገብቶ ከታወቁት ባለቅኔዎች ጋር ተቀመጠ፤ በ1873 ከእነዚሁ አንዱ፣ ወዳጁ ቬርሌን፣ ብራስልስ ላይ በሽጉጥ ተኩሶ አንጓው ላይ አቆሰለው። በዚያው ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሃያዎቹን ዓመታት እንደ ጀመረ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ለሥነ ጽሑፍም ተመልሶ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የመንገደኛ ሕይወት ነው። ለሆላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደ፤ ከዚያም ከድቶ ተመለሰ። በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኞችን ተቆጣጠረ። በ1879 በጋ እናቱ እርሻ ላይ አዝመራ ሲሰበስብ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ቀይ ባሕርን ይዞ ሥራ እየፈለገ ወረደና ኤደን ላይ ባርዴ የተባሉ የፈረንሳይ ነጋዴዎች በቡና መጋዘናቸው ቀጠሩት። ድርጅቱ ሐረር ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦ እንዲሄድ ተመረጠ። ከዘይላ ተነስቶ ሃያ ቀን በፈረስ በረሃውን አቋርጦ በ1880 መጨረሻ ጀጎል ገባ።

በዚያን ጊዜ ሐረር በግብፅ ወታደሮች እጅ ነበረች። ግብፆች በ1875 ገብተው እስከ 1885 ቆይተዋል። ከተማዋ በግንብ የታጠረች፣ አምስት በሮች ያሏት፣ ከሱማሌ በረሃና ከኦሮሞ ደጋ የሚመጣው ንግድ የሚገናኝባት ነበረች። የራምቦ ሥራ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሙጫ መግዛት፣ ማስመዘን፣ ማሳሰርና ግመል ተከራይቶ ወደ ዘይላ መስደድ ነበር። ደመወዙ በወር 330 ፍራንክ ገደማ ሲሆን ከትርፉም ጥቂት ድርሻ ነበረው። ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ስለ ግጥም አንድም ነገር አያነሳም። የሚጠይቀው መጻሕፍት ነው፤ ያውም የእጅ ሥራ መጻሕፍት። ስለ አናጢነት፣ ስለ ቆዳ ማልፋት፣ ስለ ጡብና ሸክላ ሥራ፣ ስለ ሻማ አሠራር፣ ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ የሚያስተምሩ መመሪያዎች እንዲላኩለት ደጋግሞ ይጽፋል። እኛ በኮሌጅ ሳለን የምናባዛቸውን የሥልጠና ማኑዋሎች ያስታውሰኛል፤ ምን ያህሉን እንደ ተጠቀመበት ግን እግዜር ይወቀው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ኤደን ተመልሶ ሳለ ሌላ ሐሳብ አደረበት። በ1882 መጀመሪያ ስለ ሐረርና በአካባቢው ስላሉት የኦሮሞ አገሮች መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ ካርታና ፎቶግራፍ ጨምሮበት ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ አሰበ። ለዚህ ደግሞ ካሜራ ያስፈልገዋል። ትእዛዙን ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ከተማ ወዳለ ወዳጅ ላከ። ካሜራው ከነሙሉ ዕቃው 1,850 ፍራንክ ወጣበት፤ ይህም በሐረር የመጀመሪያ ውሉ ቢሰላ ከአምስት ወር ደመወዝ በላይ ነው።

እናቱ ዋጋውን ሲሰሙ ልጃቸው የተሞኘ መሰላቸው። የገበሬ ሴት ናቸውና ገንዘብ በምን ጉልበት እንደሚገኝ ያውቃሉ። ልጁም ታግሦ ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳቸው። የካሜራው ሳጥን ብቻውን ውድ አለመሆኑን፣ ወጪውን ያበዛው የወርቅና የብር ውሕድ ያለበት ኬሚካል፣ መስታወቱ፣ ወረቀቱ፣ ሳሕኑ፣ ጠርሙሱና ማሸጊያው መሆኑን፣ ያዘዘውም ለሁለት ዓመት የሚበቃ መሆኑን ጻፈላቸው። የሚፈራው ዕቃው በባሕር ላይ እንዳይሰበር ብቻ ነበር። ሐረር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የማይታወቅ ስለሆነ በአጭር ጊዜ ጥሩ ገንዘብ እንደሚያመጣለትም ተስፋ አድርጓል። እንግዲህ የመጽሐፍ ሐሳቡና የትርፍ ሐሳቡ አብረው ነበር የተጓዙት። ይህን በመናገሬ ሰውየውን ማሳነሴ አይደለም፤ ነጋዴ ነበርና ወጪውን የማስላት ግዴታ ነበረበት።

ዕቃው በ1883 መጀመሪያ ደረሰው፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ገደማ ራምቦ የድርጅቱ ወኪል ሆኖ ወደ ሐረር ተመለሰ። ዛሬ በስልካችን ጣታችንን አሳርፈን በቅጽበት የምናገኘው ሥዕል በዚያን ጊዜ የብዙ ሰዓት ሥራ ነበር። ሥዕሉ የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ብርሃን ሳይነካው ወደ ካሜራው ይገባል፤ ከተነሳ በኋላ በጨለማ ክፍል በኬሚካል ይነከራል፤ ከዚያም በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በመስታወቱ ላይ ያለው ሥዕል እንደ ገና ወደ ወረቀት ይገለበጣል፤ ወረቀቱም በተራው ይታጠባል። እጥበቱ ካልጠራ በውስጡ የቀረው ኬሚካል ሥዕሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ራምቦን ያስቸገረውም ይህ ነው። በሜይ 6 ቀን 1883 የመጀመሪያ ሥራዎቹን ለቤተሰቡ ላከ። የተነሳው ራሱ ነው፤ ያነሳውም ራሱ ነው። በአንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ በአንዱ ቡና ተክል መካከል ቆሟል፤ በሌላው የሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሯል። ሥዕሎቹ ነጣ ብለው መውጣታቸውን፣ ጥፋቱም ያጠበበት መጥፎ ውኃ መሆኑን አብሮ ጻፈ። እነዚያ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ፤ ፊቱን በደንብ መለየት አይቻልም። ፀጉሩ አጭር ነው፤ ልብሱ ነጭና ሰፊ ነው። በሃያ ስምንት ዓመቱ የአርባ ዓመት ሰው ይመስላል። በዚያው ደብዳቤ ሚስት ባለማግባቱና ልጅ ባለመውለዱ እንደሚቆጭ፣ ልጅ ቢኖረው መሐንዲስ አድርጎ ሊያሳድገው እንደሚመኝ ጨምሮ ገልጿል።

ሐረር ውስጥ ወሬው ወዲያው ተሰማ። ሁሉም ሰው ፎቶግራፍ መነሳት ይፈልግ እንደ ነበር፣ ለአንድ ፎቶግራፍም አንድ የእንግሊዝ ወርቅ ጊኒ የሚያቀርቡ እንዳሉ ለቤተሰቡ ጽፏል። ገና ሥራውን በሚገባ እንዳልለመደ፣ ሲለምድ ግን እንግዳ የሆኑ ነገሮችን አንስቶ እንደሚልክላቸው ቃል ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ሥራው እየተቃናለት መሆኑን አስታወቀ።

እንግዳ የሆኑት ነገሮች ምን ነበሩ? አንድ አውሮፓዊ ከሐረር እንግዳ ነገር አመጣለሁ ሲል ጦርና ጋሻ፣ የአንበሳ ቆዳ፣ የታሰረ ሽፍታ ሊጠበቅበት ይችላል። ከራምቦ ካሜራ ተርፈው ለእኛ የደረሱት ጥቂት ፎቶግራፎች ሌላ ነገር ነው የሚያሳዩት። አንዱ የከተማዋን የገበያ ቦታ ያሳያል። አንዱ የሼክ አባድርን ቀብር ጉልላት ያሳያል። አንዱ ግሪካዊውን የሥራ ባልደረባውን ሶቲሮን በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ ያሳያል። አንዱ የቡና ነጋዴ ነው። አንዱ ደግሞ በመግቢያዬ ያነሳሁት ስልቻ ሰፊ ነው።

ስልቻ ሰፊው ከአምድ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። በአጠገቡ ዕቃዎች ይታያሉ። ራምቦ የሥራውን ስም በአካባቢው አጠራር ዳቡላ ብሎ ጽፎታል፤ ቡና የሚሞላበት የቆዳ ከረጢት ማለት ነው። ለእህል መስፈሪያ እኛ ዳውላ የምንለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ሩቅ አይሆንበትም። ፈረንሳዊው ይህን ሰው ለማንሳት ለምን እንደ መረጠ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ለአንድ ቡና ላኪ ከስልቻ ሰፊ የበለጠ አስፈላጊ ሰው አልነበረም። ስፌቱ ቢላላ ቡናው በበረሃው መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ ቆዳው በደንብ ካልለፋ እርጥበት ይገባውና ቡናው ይሻግታል፤ ከዘይላ ሳይሻገርም ዋጋው ይወድቃል። ከሐረር እስከ ባሕር ያለው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ያረፈው በዚህ ሰው ክርና ወስፌ ላይ ነበር።

ቡና በየትኛው ዓመት ስንት ግመል እንደ ወጣ፣ የትኛው ገዥ ምን ያህል ቀረጥ እንደ ጣለ ከመዝገብ ሊገኝ ይችላል። ስልቻው በምን መልክ እንደ ተሰፋ፣ ሰፊው እንዴት እንደ ተቀመጠ ግን መዝገብ የሚይዝ አልነበረም። ዛሬ በሂርና ወይም በገለምሶ ቡና በቆዳ ስልቻ አስይዞ የሚመጣ ነጋዴ አላየሁም። ጆንያው መጣ፣ ማዳበሪያውም ተከተለ፤ ሙያውም ከገበያው ወጣ። ስልቻ ሰፊው ያለው በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ነው። ከፎቶግራፉ ጋር የመጣው መግለጫ ሥራውን ይናገራል፤ ስሙን አይናገርም።

እዚህ ላይ የራሴንም ልጨምር። በስልኬ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች አንድ ቀን ለመቀነስ ስመለከት አብዛኞቹ የመስክ ቀን በዓል፣ የሪባን ቆረጣና በስብሰባ አዳራሽ የተደረደሩ ሰዎች ሆነው አገኘኋቸው። በየሳምንቱ የማያቸውን የጭሮን ነገሮች ፈለግሁ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን የጫት እስር፣ የሚዛን ድንጋይ የጎደለበት ነጋዴ በምትኩ የሚያስቀምጠውን ብረት፣ ከአሮጌ ጎማ ባሬላና ጫማ የሚሠራውን ሰው፣ ቡና ሲደርቅ ዶሮ እንዳይጭረው በአልጋ ላይ የምትጠብቀውን ልጅ ፈለግሁ። አንዱም አልነበረም። ሁልጊዜ ስለማያቸው ነገም የማያቸው መስሎኝ ነበር ያላነሳኋቸው። ራምቦ ለከተማዋ እንግዳ ስለ ነበር ይሆናል ያስተዋለው፤ ሐረሬው ስልቻ ሰፊውን ፎቶ አንሳ ቢባል ምን ይደረግበታል ሳይል አይቀርም።

የራምቦ መጽሐፍ አልተጻፈም። ከሐሳቡ ፍሬ ያፈራው አንድ ዘገባ ነው። ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ተጉዞ ሲመለስ ያመጣውን መረጃ ራምቦ አቀናብሮ በዲሴምበር 1883 ወደ ባርዴ ላከው፤ የጂኦግራፊ ማኅበሩም በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው። ማኅበሩ በሥራው ተደስቶ የራምቦን ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ እንዲልክለት ጠየቀ። ራሱን በካሜራ ያነሳው ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠቱን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

በ1884 የባርዴ ድርጅት በኪሳራ ሐረር ያለውን ቅርንጫፍ ዘጋ። ራምቦ ወደ ኤደን ሙቀት ተመለሰ። በአፕሪል 1885 ካሜራውን መሸጡን ለቤተሰቡ አስታወቀ። እንደማይከስር ሆኖ ቢሸጠውም በጣም እንደ ቆጨው አልደበቀም። ለሁለት ዓመት ያሰበው ሥራ በተግባር ከአንድ ዓመት እምብዛም አልዘለቀም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦር መሣሪያ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለማቅረብ ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ተዋዋለ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ይዞ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ተንጓለለ። ባልደረባው ታሞ ሞተ፤ ሊተባበረው ያሰበው ሌላ ነጋዴም ሞተ። ራምቦ ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ሐረርን ይዘው እየተመለሱ ስለ ነበር ሒሳቡ እንጦጦ ላይ ተጨረሰ። ዋጋው ተቀነሰበት፤ የሟቹ አበዳሪዎችም ከበቡት። የቀረውን ገንዘብ ሐረር ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ከዚህ ንግድ ያተረፈው ድካም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የጠመንጃ ንግድ ነውና እኔ በበኩሌ ብዙ አላዘንኩለትም።

ለእኛ ለምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች የሚበልጠው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። በሜይ 1887 ራምቦ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ የባሕሩን ዳር መንገድ ትቶ በእኛ አገር በኩል አለፈ። አብሮት የነበረው ቦረሊ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ነው። አዋሽን ተሻግረው የኢቱ ኦሮሞን አገር ይዘው፣ የጨርጨርን ደጋ አቋርጠው፣ በሂርናና በቡርቃ አድርገው ጨለንቆ ደረሱ። በጨለንቆ የንጉሥ ምኒልክና የአሚር አብዱላሂ ጦር ከተዋጉ ገና አራት ወር ገደማ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ሐረር ገቡ።

በነሐሴ ገደማ ራምቦ ካይሮ ተቀምጦ የዚህን መንገድ ዝርዝር ለባርዴ ጻፈለት። ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ የየቀኑን ማረፊያ፣ የኪሎ ሜትሩን ብዛት፣ የወንዙንና የደኑን ነገር በአጭሩ ያስቀምጣል። ሂርና ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ትንሽ ይለሰልሳል። ሸለቆዎቿ ያማሩ መሆናቸውን፣ ዙሪያቸውን ደን ዘውድ እንደ ደፋባቸው፣ መንገደኛው በጥላ ሥር እንደሚሄድ፣ የቡና ተክልም እንዳለ ይጠቅሳል። ቡርቃ ላይ የወንዙን ጉልበትና የደኑን ስፋት ያነሳል። ዛሬ ከጭሮ ተነስቶ ወደ ሐረር በአስፋልት የሚጓዝ ሰው ሂርና ላይ በመስኮት ሲመለከት ሸለቆውን ያገኘዋል። ጫቱ ከእርከን እርከን ወጥቶ ኮረብታውን ይዟል፤ ቡናውም በየጓሮው አለ። መንገደኛን የሚያጠልል ደን ግን በመንገዱ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ካሜራው ከተሸጠ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ዓመት የሂርና ሸለቆ በራምቦ መስታወት ላይ ቢቀረጽ ኖሮ ዛሬ የደኑን ወሰን ከኮረብታው ጋር እያስተያየን መናገር በቻልን ነበር። የተፋሰስ ሥራ ባለሙያዎች ድሮ እዚህ ደን ነበር ሲሉ ገበሬው ከአያቱ የሰማውን ከማስታወስ በቀር የሚያየው ነገር የለውም። ራምቦ ያስቀረልን ጥቂት ቃላት ናቸው። ጭሮ ደግሞ ጨርሶ የለችበትም፤ አሰበ ተፈሪ ተብላ የተቆረቆረችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ፣ ራምቦ ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በ1888 ራምቦ ለሦስተኛ ጊዜ ሐረር ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ የራሱ የንግድ ቤት ነበረው። ቡና፣ ቆዳ፣ ሙጫና ዝባድ ይልካል፤ ጨርቅና ድስት ያስመጣል። ሂሳቡን በጠገራ ብር ይሠራል፤ ኋላ ራስ ከተባሉት ከመኮንን ጋር ይደራደራል፤ ከስዊዘርላንዳዊው ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ስለ ዕቃ ዋጋ ይጻጻፋል። ዓረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይሞክራል። በዚሁ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የድሮ ግጥሞቹ በመጽሔት ታትመው ስሙ እየገነነ ነበር። እሱ ግን ለዚያ ዝና ጀርባውን ሰጥቶ ድስት ይቆጥራል። በቤቱ የሚያገለግለው ጃሚ የተባለ የሐረር ወጣት ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው ሰው ነበር። ካሜራ እንደ ገና አልገዛም።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀላል ቁርጥማት መሰለው፤ ከዚያ እግሩ አልታጠፍ አለ። በአልጋ ላይ ሆኖ በመስኮት ወደ ሚዛኑ እየተመለከተ ንግዱን ለመምራት ሞከረ። አልሆነም። ያለውን በርካሽ ሸጦ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ በ16 ተሸካሚዎች ተይዞ አፕሪል 7 ቀን ከሐረር ወጣ። ከዘይላ ለመድረስ አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ፈጀ። በመንገድ ላይ ግመሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ድንኳን በማጣቱ 16 ሰዓት ሙሉ ዝናብ ወርዶበታል። ቡና በስልቻ ያሳለፈበትን መንገድ ራሱ እንደ ጭነት ተሸክመው አሳለፉት።

ማርሴይ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞች እግሩን ቆረጡት። በበጋው ጥቂት ሳምንት እናቱ እርሻ ላይ ቆየ፤ አዝመራው በዚያ ዓመት በብርድ ተጎድቶ ነበር። ሕመሙ ሲብስበት ወደ ማርሴይ ተመለሰ። እህቱ ኢዛቤል እስከ መጨረሻው አስታመመችው። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ለመርከብ ድርጅት ደብዳቤ አስጽፎ ወደ ምሥራቅ የሚመለስበትን ቀጠሮ ጠይቋል። ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ አረፈ። ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥለት ተናዞ ነበር፤ ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ በሕይወት ስላልነበረ ለወራሾቹ ተከፈለ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባል ያማረ የእንጨት ቤት አለ። ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ራምቦ ከሞተ በኋላ ስለሆነ እሱ አልኖረበትም። ሰው ግን ስሙን ሰጠው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሲሆን በውስጡ የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሰቅለውበታል፤ ከጭሮ የሚሄድ ሰው ማልዶ ከተነሳ በቀኑ አይቶት ሊመለስ ይችላል። ራምቦ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ግን በዋናነት ያሉት ፈረንሳይ ነው። ከእነርሱም የነጡ አሉ። የጉዞው ዕቃ ሳይሰበር በባሕርና በበረሃ አልፎ የደረሰ ቢሆንም፣ ከጀጎል ውጭ ከምንጭ ተቀድቶ በእንስራ የመጣው ውኃ በመጨረሻ ከሥዕሉ ላይ የሚያነሳውን አንስቷል። ስልቻ ሰፊው በአምዱ ሥር እንደ ተቀመጠ ነው።